ለእታገኝ ያልነገርናት፦ ከናይሮቢ እስከ መንዝ

ሐሙስ ንጋት፣ ከግቢው በር

ወፍ ሳይንጫጫ ከግቢው በር ላይ ቆሜ ሰው እቆጥራለሁ። አሥራ ስምንት የኳየር አባላት፣ ሁለት ከበሮ፣ አንድ ኪቦርድ፣ በላስቲክ የተሸፈነ የጥቁር ዩኒፎርም ክምር። አውቶቡሱ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቀናል። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። ዜማውን የሚመራው ደምስ የተባለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። የእኔ ሥራ ሰዎቹን ናይሮቢ ወስዶ መመለስ ነው፤ በተለይ መመለሱ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የተማሪ ቡድን ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ "ምን ታቀርባላችሁ?" የሚል አይደለም፤ "ስንት ሆናችሁ ትመለሳላችሁ?" የሚል ነው። ከሌላ ግቢ የሄደ ቡድን ጎድሎ ተመልሷል የሚል ወሬ ስላለ ለአሥራ ስምንቱም ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። አንድ ሰው ቢጎድል መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ገና ጀማሪ መምህር ስለሆንኩ እንጀራዬም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፓስፖርቶቹን ሰብስቤ፣ ከአንገቴ በተንጠለጠለች ቦርሳ፣ ከሸሚዜ ሥር ይዣለሁ። የግቢያችንን ስም ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

ገና ከበሩ ሳንወጣ አንዷን መጠራጠር ጀመርኩ።

እታገኝ ትባላለች። ሦስተኛ ዓመት፣ የመንዝ ልጅ፣ ብቻዋን የምትዘምረውን ክፍል የያዘች ድምፃችን። ሻንጣዋን ለሁለት ሆነን ማንሣት አቃተን።

"ምን ጠቅጥቀሽበት ነው?"

"ባና ነው መምህር።"

"ባና? ለዚህች ጥቂት ቀን?"

"ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም። የመንዝን ብርድ ቢያውቁት አይጠይቁኝም ነበር።"

ባና ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። የሷን እናቷ ፈትላላታለች፤ በጥቁሩ ላይ ነጭ መሥመር ዳር ዳሩን ይዞራል። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ለጥቂት ቀን የሚሄድ ሰው ቅያሪ ሸሚዝ ይይዛል፤ ብርድ ልብስ የሚይዝ ሊኖር የሚሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። አውሮፕላን ውስጥ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ናይሮቢ

ሰፋፊ መንገድ፣ በግራ በኩል የሚነዳ መኪና፣ ጎናቸው ላይ የኳስ ተጫዋችና የዘፋኝ ፊት የተሣለባቸው ታክሲዎች፣ ከውስጣቸው ደረት የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ። ወተት የበዛበት ሻይ፣ ቻፓቲ የሚሉት ትኩስ ቂጣ፣ ከበቆሎ ዱቄት የተገነፋ ኡጋሊ። ደምስ ኡጋሊውን በጣቱ ጠቅ ጠቅ አድርጎ "ቅቤና በርበሬው የት ሄደ?" አለ። ቀይ አፈር፣ ሐምራዊ አበባ ያነጠፉ ዛፎች፣ ጋባዦቻችን በየበሩ የሚያሳዩን ፈገግታ። እኔ የማየው ግን በሮቹን ነው። የማረፊያችን ግቢ ሁለት በር አለው፤ የኋላው ማታ ማታ አይቆለፍም።

የመጀመሪያው ኮንሰርት ዓርብ አመሻሽ ላይ በጋባዦቻችን አዳራሽ ነበር። የእታገኝ ሶሎ የደቦ ዜማ ነው። ደቦ ላይ ሰው ገብስ ሲያጭድ ጉልበቱ እንዳይዝል አንዱ ዜማ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ይህን ዜማ ያገኘነው ከአባቷ ከአቶ ጌታነህ ነው፤ በሰፈራቸው ደቦ ሲጠራ ዜማ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ደምስ በአራት ድምፅ አቀናብሮ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ አድርጎታል። እታገኝ ብቻዋን ስትጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ስንጨርስ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ።

ከመድረክ እንደወረድን፣ የሷ ስልክ ከአገር ውጭ ስለማይሠራ፣ ስልኬን ለመነችኝ። ለአባቷ ልትነግር ነው። ደወለች፤ ዝግ ነው። አጎቷ ጋ ሞከረች፤ ጠርቶ አልተነሣም።

"አባዬ ኮረብታው ላይ ካልወጣ ኔትወርክ አያገኝም" አለችና መለሰችልኝ። በእርግጥ የደወለችው አገር ቤት መሆኑን ቁጥሩን አይቼ አረጋገጥኩ። ጥርጣሬው እንዲህ ነበር የያዘኝ።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ።

"መምህሩ ነህ?"

"ነኝ። ማን ልበል?"

"ሸዋንግዛው ነኝ፣ የእታገኝ አጎት። አጠገብህ አለች?"

"ከወዲያኛው ጠረጴዛ ናት፤ ላቅርብልዎት?"

"ኧረ እንዳታቀርባት! እስቲ ወጣ በል።"

ወጣሁ። ስልኩ ውስጥ ነፋስ ያፏጫል።

"ጌታነህን ትንሽ አሞታል። ለእሷ እንዳትነግራት፤ ዘፈኗን ትጨርስ።"

"ምን ሆነው ነው?"

"ትንሽ ነው አልኩህ። ስትመለሱ ግን ብቻዋን እንዳትልካት። ስንት ናችሁ?"

"ከእኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ።"

"ጎሽ! ሁላችሁም ኑ። በጠዋት ድረሱ።"

ከዚያ ነፋሱ ብቻ ቀረ። መልሼ ብደውል አይገኝም።

ምክር የጠየቅሁት ሰሚራን ነው። ሰሚራ የእታገኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ናት፤ ቤተሰቦቿ ሸዋ ሮቢት በንግድ የሚተዳደሩ፣ የሰው ወሬ ሳትጠይቅ የሚደርሳት ልጅ። ቃል በቃል ነገርኳት። አፏን በሻሿ ያዘች።

"ሞተዋል።"

"ትንሽ አሟቸዋል ነው ያሉት።"

"መምህር፣ እርስዎ የት አገር ነው ያደጉት? ለራሷ ለምን አልነገሯትም? ለታመመ ሰው አሥራ ዘጠኝ ሰው ይጠራል? በጠዋት ድረሱ የሚባለውስ ለምንድን ነው?"

አዲስ አበባ ብወለድም ይህንን አላጣሁትም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በመንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው ለሁሉም "ትንሽ ያመመው" ነው። ያም ሆኖ ነገርን ሳላጣራ መቀበል አልወድም። የመንዝ ከተማ በሆነችው መሐል ሜዳ ለሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። አመሻሹ ላይ መልሶ ደወለልኝ።

"ከዚያ ቀበሌ የሚመጣ ተማሪ አግኝቼ ጠየቅሁት። እነ ጌታነህ ደጅ የእድር ድንኳን ተተክሏል፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እንግዲህ አጽናኗት።"

ሌላ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል?

እሑድ፣ ሁለተኛው ኮንሰርት

ሰሚራ ለደምስ፣ ደምስ ለሌሎቹ ነገራቸው። ቁርስ ላይ ከእታገኝ በስተቀር ሁሉም ያውቃል። አንድ ክፍል ሰው አንድ ነገር ሲደብቅ እንዴት እንደሚታይ አላውቅም ነበር። እሷ ስትገባ ጨዋታ ይቋረጣል። ማንም ዓይኗን አያይም። አንዱ ሻይ ይቀዳላታል፣ ሌላው እንቁላሉን ወደ ሳህኗ ይገፋል።

"ዛሬ ልደቴ ነው እንዴ?" አለች። የሳቀላት የለም።

በኮንሰርቱ ላይ የደቦውን ዜማ ጀመረች። ተቀባዮቹ መቀበል ሲገባቸው ከሴቶቹ በኩል የመጣው ሲቃ ነው። ደምስ እጁ በአየር ላይ ቀረ። እንደምንም ተቀበሏት፤ እንባቸው በጥቁሩ ዩኒፎርም ላይ ይወርዳል። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት ኬንያዊ እናት መሀረባቸውን አወጡ፤ ቀጥሎ ጎረቤታቸው። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ሰው እንዲህ ያጨበጨበልን ጊዜ የለም። ደረቅ ዓይን የነበራት እታገኝ ብቻ ናት፤ ዞራ ዞራ ታየናለች።

ከመድረኩ ጀርባ ያዘችኝ።

"መምህር፣ ምንድን ነው የምትደብቁኝ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ፓስፖርቴን ይስጡኝ። ነገ አብረን ነው የምንሄደው፤ እኔ ጋ ቢያድር ምን አለበት?"

እጄ ሳላዝዘው ወደ ደረቴ ሄደ። አየችው። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"ገባኝ። የምጠፋ መስሏችሁ ነው። ለዚህ ነው ሰሚራ መታጠቢያ ቤት ድረስ የምትከተለኝ።"

እዚያ ላይ እውነቱን መናገር ወይም መዋሸት ነበረብኝ። ሦስተኛ መንገድ ራሷ ሰጠችኝ፤ ዝም አልኩ።

"አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር" ብላ ሄደች።

ለሁለት ቀን ያህል በእርግጥ ጠርጥሬያት ነበር። አሁን ሳልጠረጥራት እንደ ጠርጣሪ ቆጠረችኝ፤ እኔም ለአባቷ ስል ፈቀድኩላት። ሥርዓት ማክበር እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም።

ሰኞ፣ ከቦሌ እስከ መሐል ሜዳ

አሥራ ስምንት ሆነን ሄደን አሥራ ስምንት ተመለስን፤ እኔን ሳይጨምር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ውጭ ደምስ የተከራየው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይጠብቀናል። ለእታገኝ የተዘጋጀላት ውሸት "መሐል ሜዳ አንድ ትምህርት ቤት የምስጋና ዝግጅት አለን" የሚል ነው።

"የትኛው ትምህርት ቤት?" አለች።

"ትልቁ" አለ ደምስ።

"እኔ የተማርኩበት? አዳራሽ እኮ የለውም።"

"ሜዳ ላይ ነው።"

"በዚህ ነፋስ?" ብላ አየችው። ደምስ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ሹፌራችን ደረጀ የሞላሌ ሰው ነው፤ ተጫዋች፣ ጥርሱ የማይከደን። ከለገጣፎ እስከ ሸኖ ብቻውን አወራ። ሸኖ ላይ ሻይ ስንጠጣ በወንበሩ ላይ የተከመረውን ጥቁር ልብስ አየና ጮክ አለ፦

"ለቅሶው የት ነው?"

ብርጭቆዎች ሁሉ አየር ላይ ቆሙ።

"የኮንሰርት ልብስ ነው!" አለች ሰሚራ።

"እናንተ ልጆች፣ ኮንሰርታችሁም ለቅሶ ይመስላል።"

እታገኝ አልሳቀችም።

ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ የመኪናውን በር ከእጄ ነጠቀኝ። ጥብስና ትኩስ ዳቦ ቀረበ፤ ማንም ደህና አድርጎ አልበላም። እታገኝ የራሷን ስልክ አውጥታ ደጅ ቆማ ደወለች። የአባቷ አሁንም ዝግ ነው። አጎቷ ግን አነሡ። በመስኮቱ ሥር ስለነበርኩ ሰማሁ።

"ጋሼ፣ አባዬ የት ነው? ስልኩ ለምን ተዘጋ? ... እሺ ይስጡኝ። ... ገበያ ምን ያደርጋል በሰኞ? ... ሁላችሁም ኑ ማለት ምንድን ነው? ማን ነገረዎት ብዙ መሆናችንን?"

ስልኩን ዘግታ መኪናው ውስጥ ገብታ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ነው። ከታርማ በር አፋፍ ላይ ለአንባቢ ማስረዳት የምወደው ነገር አለ። በዚህ ጫፍ ላይ የወደቀ ዝናብ ይለያያል፤ በምሥራቅ በኩል ያረፈው ወደ አዋሽ ወርዶ በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ በምዕራብ በኩል ያረፈው በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳልናገር ያለፍኩበት ጊዜ የለም። ዛሬ አልተናገርኩም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው፤ ደረጀ ዳር ይዞ ፍሬን ያዘ።

"ትንሽ እስኪገልጥ" አለ።

በዚያ ነጭ ዝምታ ውስጥ እታገኝ ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጥታ ከፊቴ ቆመች።

"መምህር፣ አባቴ ሞቷል?"

አጎቷ ያሉኝን ነገር፣ ሌላ ምን እንደምል ስላላወቅሁ፣ እንዳለ ደገምኩት።

"ትንሽ አሟቸው ነው።"

እንደ በትር መታኋት። ይህን ቃል ለማን እንደምንል የመንዝ ልጅ አይጠፋትም። አልጮኸችም። ከሻንጣዋ ባናውን ጎትታ አወጣችና ራሷን ተከናነበች። ከውስጥ ድምጿ መጣ፦

"እሺ። ነገ በጠዋት፣ በቤቴ፣ በወጉ ይነገረኝ። ዛሬ አልሰማሁም።"

ፓስፖርቷን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩ። ገፋችው። "ይያዙት። አሁን ምን ያደርግልኛል?"

ጉሙ ሲገልጥ መዘዞን፣ ሞላሌን አለፍን። የድንጋይ ቤት፣ የድንጋይ አጥር፣ ከድንጋዩ ጋር ቀለማቸው የሚመሳሰል በጎች፣ ነፋስ የሚያስተኛው የገብስ ማሳ። ደረጀ በትውልድ ከተማው ሲያልፍ ጡሩንባ እንኳ አልነፋም፤ ገብቶታል። መሐል ሜዳ ሆቴል አረፍን። የእታገኝ ቤት ከዚያ በመኪና ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ወጉ የጠዋት ነውና ማንም እንሂድ አላለም።

ማክሰኞ ንጋት፣ ወደ ራቤል በሚወስደው መንገድ

ጥቁር ዩኒፎርማችንን ለበስን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ሰሚራም ጥቁር ሻሿን አሰረች። እታገኝ በሁለት ሰው ተደግፋ፣ ባናዋን ከራሷ እስከ ጉልበቷ ተከናንባ መሐላችን ሆነች። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። መኪናው ከመንገዱ ዳር ቆሞ በእግር ወደ ላይ ወጣን።

ከአጥሩ በላይ መጀመሪያ የታየን ድንኳኑ ነው። ቀጥሎ ሰው፤ ብዙ ሰው፣ ጋቢ ለብሶ በየድንጋዩ የተቀመጠ። ከጓሮ ጭስ፣ ትልልቅ ድስት። አንድ የቀረኝ ጥርጣሬ ቢኖር እዚያ ላይ አለቀ።

ሰሚራ ጀመረች። "ወይኔ አባባ ጌታነህ!" አለች፤ አይታቸው አታውቅም። ሌሎቹ ተቀበሏት። በአራት ድምፅ ለዓመት የተለማመደ ኳየር ሲያለቅስ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሰማ ብቻ ያውቃል። ባሶቹ ከሥር ያጉረመርማሉ፤ ሶፕራኖዎቹ ሰማዩን ይቀድዱታል።

በግቢው ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ የሆነ አንዲት እናት ከቤት ወጣች። ጥቁር የለበሰውን ጭፍራ አየች። ከዚያ በመሐላችን ባናውን አየች። ራሷ የፈተለችው ባና፣ ዳር ዳሩን ነጭ መሥመር የዞረበት፤ ከሥሩ ያለው ሰው ግን አይታይም።

"ልጄ!" ብላ ጮኸች። "ልጄን ምን አደረጋችኋት! አውሮፕላኑ ነው? ንገሩኝ! ልጄን በላት አይደል!"

መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ወደ እኛ መጡ። ወንዶች ጋቢያቸውን ጣሉ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው "ሁላችሁም ኑ ያልኩት ለዚህ ነው ወይ!" ይላሉ፤ በድምፃቸው ሸዋንግዛው መሆናቸውን አወቅሁ። እኛ ለእነሱ ሰው እናለቅሳለን፤ እነሱ ለእኛ ሰው ያለቅሳሉ። ማንም ማንንም አይሰማም።

በዚህ መሐል ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ሁሉን አልፎ ወጣ።

"ማነው የሞተው? ንገሩኝ እንጂ፣ እኔ መነሣት አልችልም!"

እታገኝ ባናውን ጣለች።

ለቅሶው ተቋረጠ። እናቷ ከመሬት ቀና ብላ ልጇን አየች። እታገኝ እናቷን አልፋ በሩጫ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፤ ተከትለን አጨናነቅነው። አቶ ጌታነህ ቃሬዛ ላይ፣ ግራ እግራቸው በቀርከሃ ታስሮ፣ ፊታቸው በቁጣ ቀልቶ ተቀምጠዋል።

"አባዬ?"

"አንቺ? ታዲያ ማነው የሞተው?"

"አንተ!"

"እኔ?" አሉና ዞረው እኛን አዩን። "ከጣሪያ ወደቅሁ እንጂ ከዚህ ዓለም አልወጣሁም!"

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ጌታነህ ዓርብ ዕለት የቤታቸውን የጓሳ ሣር ክዳን ሲያድሱ ተንሸራተው ወደቁ። እግራቸው ተሰበረ፤ ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ስልክም አብሮ። ቤቱ ግማሹ ሳይከደን ስለቀረ ቤተሰቡ ከብርዱ እንዲጠለል እድሩ ድንኳኑን አዋሰ። ወጌሻ ይመጣል፤ ጠያቂ ይገባል፣ ይወጣል። "ዘፈኗን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት" ያሉት ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ደግሞ ክዳኑን ለመጨረስ ደቦ ተጠርቷል።

"ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው ለምን ጠሩ ታዲያ?" አለች እታገኝ።

"ለጣሪያ ነዋ!" አሉ አቶ ሸዋንግዛው። "ሣር የሚያቀብል ወጣት ከየት አመጣለሁ? ደቦ ደግሞ የሚጀመረው በጠዋት ነው።"

"ትንሽ አሞታል ነው ያሉኝ" አልኩ፤ ራሴን ለመከላከል።

"አሞታል! ትንሽ ነው! እውነት ብነግርህ ምን ላድርግህ!"

ሁሉም ሳቀ። እታገኝ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ግቢውን ይዞራል።

"ታላቅ ወንድሜስ?"

"ያውና ጣሪያው ላይ።"

"አሳዩኝ።" ወንድሟ ከላይ እጁን አወዛወዘ። "አያቴስ?" አያቷ ከምድጃው ዳር ተነሥተው መጡ። "የክርስትና እናቴ? እማማ ዘነቡ?" አንድ በአንድ ስም ትጠራለች፤ የተጠራው ሰው መጥቶ ካልዳሰሰችው አታምንም። ሦስት ቀን ሙሉ ስንዋሻት የከረምን ሰዎች ነንና የሚወቅሳት የለም። ሰው ሲያልቅባት ወደ በረቱ ዞረች።

"ቡሬስ?"

ቡሬ ከእሷ ጋር ያደገ በሬ ነው አሉኝ፤ ጥጃ እያለ ከእጇ ይልስ የነበረ። አቶ ጌታነህ ወደ እግራቸው አዩ። እናቷ ጭቃውን ከእጇ ማራገፍ ጀመረች። በመጨረሻ አቶ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቡሬን... ትንሽ አሞታል።"

እታገኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከታርማ በር ጀምሮ አፍና የያዘችውን ለቅሶ በሙሉ ለቡሬ አለቀሰችው። እናቷ ባናውን ከመሬት አንሥታ፣ አራግፋ፣ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት።

ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው ሥር

ጥቁር ዩኒፎርም ለሣር ማቀበል አይመችም። ነዶውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፍን ከጣሪያው ላሉት እናደርሳለን። ሰሚራ በነጠላዋ ወገቧን ታጥቃለች፤ በማታውቃቸው ሰው ላይ ያለቀሰችውን ለቅሶ ሴቶቹ እየደገሙ ይሥቁባታል። ደረጀ መኪናውን ትቶ ወጥቷል። ደምስ ጊዜው ነው ብሎ ዜማውን አስጀመረን፤ እታገኝም፣ ድምጿ ገና ሳይጠራ፣ አወጣች።

አቶ ጌታነህ ቃሬዛቸውን ከድንኳኑ አፍ አስወጥተው ያዳምጣሉ። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ፣ ቆይ። ናይሮቢ ላይ ያላችሁት ይህንን ነው?"

"አዎ አባባ" አለ ደምስ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

"በዚህ ማን ያጭዳል? ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል! ዜማዬን ለቅሶ አደረጋችሁትና ነው ሞተ የተባልኩት።"

ከዚያ ራሳቸው አወጡት። ፈጣን ነው፤ የሚዘልል፣ ትንፋሽ የማይሰጥ። ነዶው ከእጃችን ይበር ጀመር። ክዳኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠመ።

ስንሰናበት ፓስፖርቷን ለእታገኝ ሰጠኋት። እሷ ጥቂት ቀን ትቆያለች።

"ቆጥረው ይረከቡኝ" አለች። "አልጠፋሁም አይደል?"

"አልጠፋሽም።"

"ጠርጥረውኝ ነበር አይደል?"

"በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ። በባናው ምክንያት።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ረቡዕ፣ ወደ ቤት

ታርማ በር ዛሬ ጥርት ብሏል። አዋሽንና ዓባይን አስረዳሁ፤ ግማሾቹ ተኝተዋል። ሸኖ ልንደርስ ስንል ስልኬ ጠራ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው።

"ተመለስክ እንዴ? የት ደረስክ?"

"ሸኖ። ምነው?"

"ምንም። መቼ ነው የምትገባው?"

"ከሰዓት። ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ዝም ብዬ ነው። ብቻህን ነህ ወይስ ከሰው ጋር?"

ሰሚራ ከጎኔ ነበረች፤ ሰማች፤ ቀና ብላ አየችኝ። ደረጀን ዳር ይዞ እንዲያቆም ነገርኩት። ከመኪናው ወርጄ ነፋሱ ውስጥ ቆምኩ።

"ሁላችሁም ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን፤ ምን ሆንክ?"

"አቅርብልኝ።"

"ማንን?"

"ሁሉንም።"